ጠላና አረቄን በማስተዋል መቅመስ፦ ከጠማቂዋና ከአረቄ አውጪዋ ቤት የሚገኝ ትምህርት

መግቢያ

በትምህርት ክፍላችን ስለ ፈርመንቴሽንና ስለ ዲስቲሌሽን ስንማር ምሳሌዎቻችን አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ መጻሕፍት የሚመጡ ናቸው። ስለ ቢራ ሲነሳ ጀርመን፣ ስለ አረቄ ሲነሳ ስኮትላንድ ይጠቀሳል። ሁለቱም ሥራዎች ግን በየሰፈራችን ጓሮ ውስጥ የሚሠሩ ናቸው። ጠላ ጠማቂዋ ጋኗን ስታጥን፣ አረቄ አውጪዋም እሳቷን ስትቀንስ እኛ በክፍል ውስጥ በቀመር የምንጽፈውን ነገር በእጃቸው ይሠሩታል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ነው። አንደኛው ወደ እንዲህ ያለ ቤት ለጉብኝትና ለቅምሻ የሚሄድ ተማሪ ምን ማየት፣ ምን ማሽተትና ምን መጠየቅ እንዳለበት ማሳየት ነው። ሁለተኛው ስለ አረቄ ደኅንነት በሰፊው ከሚወሩት እምነቶች የትኛው ትክክል፣ የትኛው አደገኛ እንደሆነ መለየት ነው። ሁለተኛው ነገር ቀላል አይደለም፤ የሰው ዓይንና ሕይወት ያለበት ጉዳይ ነው። ለምሳሌነት የምጠቀመው በደብረ ብርሃን ከተማ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር የጎበኘናቸውን ሁለት ቤቶች ነው። ከተማዋ የገብስ አገር ናት፤ በአረቄዋም ስሟ የታወቀ ነው። የትልልቅ ቢራ ፋብሪካዎች መገኛም ስለሆነች ዘመናዊውንና ባህላዊውን ሥራ ለማነጻጸር ትመቻለች።

ከመነሻው አንድ ነገር እናስቀምጥ። ቅምሻ መጠጣት አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ከመካከላችን ዕድሜያቸው ያልደረሰ፣ እንዲሁም በሃይማኖት ወይም በጤና ምክንያት የማይጠጡ ተማሪዎች በዓይንና በአፍንጫ ብቻ ተሳትፈዋል። ደግሞም ከአንድ መጠጥ ከምንረዳው ነገር ብዙውን የሚነግረን አፍንጫችን ስለሆነ የቀረባቸው ጥቂት ነው።

ጠላው እንዴት ይሠራል?

ሥራው የሚጀምረው ከእህሉ ሳይሆን ከዕቃው ነው። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፤ ቀጥሎ በወይራ እንጨት ይታጠናል። ጭሱ ለጠላው ሽታ ከመስጠቱም በላይ በሸክላው ቀዳዳዎች ውስጥ የተደበቁ ተሕዋስያንን ይቀንሳል። ሸክላ እንደ ብረት በሳሙና ታጥቦ የሚጠራ ዕቃ ስላልሆነ ይህ እርምጃ ለወጉ ያህል ብቻ የሚደረግ አይደለም።

ከዚያ ጥንስስ ይመጣል። የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል ከብቅል ጋር በውሃ ተበጥብጦ ለጥቂት ቀናት ይቀመጣል። ቀጥሎ የተቆራረሰ ቂጣና ተጨማሪ ብቅል ይገባል። በመጨረሻም እንኩሮው ከጌሾ እንጨት ጋር ገብቶ ድፍድፍ ይሆናል። እንኩሮ የሚባለው የተቆላ እህል፣ ማለትም አሻሮ፣ ተፈጭቶ ውሃ እየተርከፈከፈበት በምጣድ ላይ የሚማሰለው ነው። ድፍድፉ ሲደርስ በውሃ ይቀጥናል፤ የጋኑ አፍም ይታሸጋል።

እያንዳንዱ ነገር የሚሠራውን በሙያችን ቋንቋ እንተርጉመው። ብቅል የበቀለ ገብስ ወይም ስንዴ ነው። እህሉ ሲበቅል አሚሌዝ የተባለውን ኢንዛይም ያመርታል፤ ኢንዛይሙ ደግሞ በቂጣውና በእንኩሮው ውስጥ ያለውን ስታርች ወደ ስኳር ይሰብራል። ቂጣው መጋገሩና አሻሮው መቆላቱ ስታርቹን ለኢንዛይሙ ያመቻቻል፤ ለጠላውም ቀለምና የቁሌት ጣዕም ይሰጠዋል። ስኳሩን ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለውጠው እርሾ ነው። እዚህ ላይ ልብ እንበል፦ ጠማቂዋ እርሾ ገዝታ አልጨመረችም። እርሾው ከጌሾው፣ ከእህሉና ከጋኑ ጋር አብሮ ይመጣል።

ከፋብሪካ ቢራ ጋር ትልቁ ልዩነት ይህ ነው። ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን የተባለው ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1883 በዴንማርክ በካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ንጹሕ የእርሾ ዘር ለይቶ ካወጣ ወዲህ ፋብሪካዎች በአንድ ዓይነት እርሾ ይጠምቃሉ። ጠላ ግን የብዙ ተሕዋስያን ማኅበር ሥራ ነው። ከእርሾው ጎን ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ደስ የሚለው ኮምጣጣነት የነሱ ነው። አየር ከገባ ደግሞ አሴቲክ አሲድ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ይነሳሉና ጠላው ይሆመጥጣል። የጋኑ አፍ የሚታሸገውም ለዚሁ ነው።

ጌሾም እንዲሁ በውጭዎቹ ዘንድ በሆፕ ቦታ የሚገባ ነው። ሆፕ መራራነቱን በደንብ የሚለቀው ሲፈላ ነው። ጠላ ግን እንደ ቢራ ጭማቂው ለብቻው አይፈላም፤ ጌሾው ቀናት ሙሉ ተዘፍዝፎ መራራነቱን ቀስ እያለ ይሰጣል። ስለዚህ የቅጠሉና የእንጨቱ መጠን፣ የሚቆይበትም ጊዜ የጠማቂዋ ዋና ምስጢር ነው።

የጠላ ቅምሻ ቅደም ተከተል

ለቅምሻ ሦስት ዓይነት ቀረበልን። ቅራሪ ማለት ከተጠለለው ድፍድፍ ላይ እንደገና ውሃ ተጨምሮ የሚወጣው ቀጭኑ ነው። ጉሽ ገና ያልጠለለ፣ ደፈርስ ያለ ነው። ሦስተኛው በደንብ ጠሎ የተቀዳው ወፍራሙ ጠላ ነው። ተራ ጠላ የአልኮል መጠኑ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ ይገኛል።

ባለቤቷ፣ እማማ እያልን የምንጠራቸው፣ "ልጆቼ፣ ከቅራሪው ጀምሩ፤ ወፍራሙን መጀመሪያ የቀመሰ ቀጭኑን ውሃ ነው ይለዋል" አሉን። በዓለም ላይ ያሉ ቀማሾች ሁሉ የሚከተሉት ደንብ ይኸው ነው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይኬዳል። በየመሐሉ ውሃ መጎንጨትና ትንሽ ዳቦ መቅመስ ምላስን ያጥባል። በርበሬ ያለው ነገር ግን አይነካም፤ ምላስን ያደነዝዛልና።

ዕቃውም ልዩነት ያመጣል። "ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ" የሚባለው በከንቱ አይደለም። የብርሌ ጠባብ አንገት ሽታውን ይሰበስባል። ጠላን በጣሳ ከቀመስነው ቀለሙን አናይም፤ ለትምህርት ሲሆን ንጹሕ ብርጭቆ ይሻላል።

መጀመሪያ ወደ ብርሃን አንስቶ ማየት፣ ቀጥሎ አወዛውዞ ማሽተት፣ ከዚያ በትንሹ ተጎንጭቶ በአፍ ውስጥ ማዟዟር፣ በመጨረሻም የቀረውን ጣዕም መጠበቅ። መትፋት ነውር አይደለም፤ ግን ቀድሞ ለባለቤቷ ማስረዳት ይገባል፤ አለበለዚያ ንቀት ይመስላል። ሽታዎቹ የሚነግሩን እንደሚከተለው ነው።

1. የሆምጣጤ ሽታ፦ አሴቲክ አሲድ አለ፤ አየር ገብቷል ወይም ቆይቷል።
2. የቅቤ ሽታ፦ ዳያሴቲል የተባለ ውሑድ ነው፤ ብዙ ጊዜ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ሲቀር ወይም ባክቴሪያ ሲበዛ ይታያል።
3. ያልበሰለ ፖም ሽታ፦ አሴታልዲሃይድ ነው፤ መጠጡ ገና ጥሬ ነው ማለት ነው።
4. የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽታ፦ ኢታይል አሴቴት በዝቷል።
5. የበሰበሰ እንቁላል ሽታ፦ የሰልፈር ውሑድ አለ።

ሁሉም ሽታ ግን ጉድለት አይደለም። የወይራ ጭስና የእንኩሮው ቁሌት ለጠላ መለያው ነው። የፋብሪካ ቢራ ለምዶ የመጣ ቀማሽ ጭሱን እንደ ጉድለት ቢቆጥረው የተሳሳተው እሱ እንጂ ጠማቂዋ አይደለችም።

አረቄው፦ እሳት፣ እንፋሎትና ቀዝቃዛ ውሃ

በሁለተኛው ቤት ያየነው አረቄ ማውጣት ነው። ድፍድፉ ከእህል፣ ከብቅልና ከጌሾ ተሠርቶ ከተብላላ በኋላ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ ገብቶ ከታች እሳት ይነድበታል። ክዳኑ ዙሪያው ተለስኖ ይዘጋል። ከክዳኑ የሚወጣው ሸምበቆ እንፋሎቱን በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተነከረ ዕቃ ይመራዋል፤ እዚያ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። በመጀመሪያው ዙር የሚወጣው ተራ አረቄ ይባላል። እሱ ተመልሶ ሲወጣ ዳግም ይሆናል፤ ጥሩ ዳግም ከ40 በመቶ በላይ አልኮል ሊኖረው ይችላል።

ብዙዎቻችን ይዘነው የሄድነው ሐሳብ ኤታኖል በ78 ዲግሪ፣ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚፈላ አልኮሉ በ78 ወጥቶ ያልቅና ውሃው ይቀራል የሚል ነው። ይህ ሁለት ጊዜ አይሠራም። አንደኛ፣ ቁጥሮቹ የባሕር ጠለል ቁጥሮች ናቸው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች እዚያ ንጹሕ ውሃ ራሱ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። ሁለተኛ፣ ድብልቅ ፈሳሽ እንደ ንጹሕ ፈሳሽ አይፈላም። ብዙ ውሃና ጥቂት አልኮል ያለበት ድፍድፍ የሚፈላው በሁለቱ መካከል፣ ወደ ውሃው በተጠጋ ሙቀት ነው። እንፋሎቱ ከፈሳሹ ይልቅ በአልኮል የበለጸገ ይሆናል እንጂ ውሃም አብሮት ይወጣል። ተራ አረቄ ዳግም መውጣት የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

አረቄ አውጪዋ ቴርሞሜትር የላቸውም። ግን እሳቱን በጣም ይጠብቃሉ። እንጨቱ ከበዛ ድፍድፉ ይገነፍላል፤ ከታች ያለው ዝቃጭም ይይዝና አረቄው የእርር ሽታ ያመጣል። ማቀዝቀዣው ውሃ ሲሞቅ ቶሎ ይቀይሩታል፤ ካልተቀየረ እንፋሎቱ ፈሳሽ ሳይሆን ያመልጣል። አንድ ተማሪ "እትዬ፣ ማቆም ያለብዎት መቼ እንደሆነ በምን ያውቃሉ?" ብሎ ቢጠይቃቸው ጠብታውን በጣታቸው ነክተው ቀመሱና "ውሃ ውሃ ሲል ነዋ!" አሉት። እኛ በገበታ ላይ ጭራ ብለን የምንለየውን ክፍል እሳቸው በምላሳቸው ይለዩታል።

አረቄን መፈተሽ፦ የትኛው ፈተና ምን ይነግራል?

አረቄ በሚቀመስበት ጊዜ አፍንጫን ወደ መለኪያው ውስጥ መክተት አያስፈልግም፤ የአልኮሉ ሙቀት የማሽተት ስሜትን ለጊዜው ያደነዝዘዋል። ትንሽ ራቅ አድርጎ ማሽተት፣ ከዚያም በንጹሕ ውሃ እስከ 20 በመቶ ድረስ አቅጥኖ እንደገና ማሽተት ይበጃል። በውጭ አገር የውስኪ ቀማሾችም እንደዚሁ ያደርጋሉ፤ ሲቀጥን በአልኮሉ ኃይል ተሸፍነው የነበሩት ሽታዎች ይወጣሉ።

በሰፈር የተለመዱ ሁለት ፈተናዎች አሉ። አንደኛው ጠርሙሱን ነቅንቆ አረፋውን ማየት ነው። የአረፋው መጠንና የሚቆይበት ጊዜ ከአልኮሉ መጠን ጋር ስለሚለዋወጥ ልምድ ላለው ሰው ግምት ይሰጣል። ሁለተኛው በእሳት መሞከር ነው። በተለመደው የክፍል ሙቀት አረቄ በክብሪት በቀላሉ የሚቀጣጠለው አልኮሉ 40 በመቶ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። እንግዲህ የእሳት ፈተና የሚናገረው ስለ ጥንካሬ ብቻ ነው። ሜታኖልም ይነድዳል፤ በሰማያዊ ነበልባል። "በሰማያዊ ከነደደ ንጹሕ ነው" የሚለው አነጋገር ስለዚህ ፈጽሞ ሊታመን አይገባም።

ስለ ሜታኖል በግልጽ

ሜታኖል በአፍ ሲቀመስ ከኤታኖል ለመለየት ያስቸግራል። በጉበት ውስጥ መጀመሪያ ወደ ፎርማልዲሃይድ፣ ቀጥሎ ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለወጣል። ዓይን የሚያሳውረውና ደምን አሲድ የሚያደርገው ይህ ፎርሚክ አሲድ ነው። ምልክቱ ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ ከሰዓታት በኋላ የዓይን ብዥታ፣ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመምና የትንፋሽ መፍጠን ይመጣል። ይህ የታየበት ሰው "ሲነጋ ይተወዋል" ተብሎ መተኛት የለበትም፤ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። መድኃኒት አለው፤ ጊዜው ካለፈ ግን ዓይኑ ላይመለስ ይችላል።

ታዲያ ሜታኖል ከየት ይመጣል? በመብላላት ጊዜ በትንሹ የሚፈጠረው ፔክቲን ከሚባለው የተክል ክፍል ነው። ፔክቲን በፍራፍሬ ውስጥ ብዙ ነው፤ በእህል ውስጥ ጥቂት ነው። በዓለም ላይ ብዙ ሕዝብ የፈጁት የሜታኖል መመረዞች ግን በአብዛኛው የመጡት ከመብላላቱ ሳይሆን ለኢንዱስትሪ የተሠራ ሜታኖል በመጠጥ ውስጥ በመጨመሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በቼክ ሪፐብሊክ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች የሞቱት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በኢራን በመቶዎች የሚቆጠሩ ያለቁት በዚህ ዓይነት ነው።

"የመጀመሪያዋን ጠብታ ከደፋህ ሜታኖሉ ይወገዳል" የሚለውም እምነት በከፊል ብቻ እውነት ነው። መጀመሪያ የሚወጣውን መድፋት ጥሩ ልማድ ነው፤ አሴታልዲሃይድንና ኢታይል አሴቴትን ይቀንሳል። ሜታኖል ግን ለብቻው ሲፈላ በ65 ዲግሪ ገደማ ቢፈላም፣ ውሃ በበዛበት ድብልቅ ውስጥ መጀመሪያ ብቻ ወጥቶ አያልቅም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከሌላው ጋር ይወጣል። ሜታኖል የተጨመረበትን አረቄ በሰፈር ደረጃ በማውጣት ንጹሕ ማድረግ አይቻልም። የሚያዋጣው ምንጩን ማወቅ ነው። ማን አወጣው? በማን እጅ አልፎ መጣ? ከምን ጋር ተደባለቀ?

ዕቃውም ይጠየቃል። ቀድሞ ኬሚካል የነበረበት በርሜል ወይም በእርሳስ የተበየደ ቱቦ ለአረቄ አይሆንም፤ እርሳስ በጥቂት በጥቂቱ ወደ መጠጡ ይገባልና። ሸክላውና ሸምበቆው ከዚህ አንጻር የተሻሉ ናቸው።

ስንት ጠጣን? ትንሽ ስሌት

"ጠላ እኮ ምግብ ነው፣ አረቄ ነው እንጂ የሚያሰክር" ሲባል እንሰማለን። እስቲ እናስላው። የኤታኖል ጥግግት በሚሊ ሊትር 0.789 ግራም ነው። አንድ ግማሽ ሊትር ጠላ 4 በመቶ አልኮል ቢኖረው፣ 500 × 0.04 = 20 ሚሊ ሊትር፣ ወይም 15.8 ግራም አልኮል አለው። 40 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ መለኪያ አረቄ 40 በመቶ ቢሆን፣ 40 × 0.40 = 16 ሚሊ ሊትር፣ ወይም 12.6 ግራም ይሆናል። በዚህ ስሌት ግማሽ ሊትሩ ጠላ ከመለኪያው አረቄ ይበልጣል ማለት ነው። አረቄው የሚያሸንፈው በፍጥነቱ ነው፤ ግማሽ ሊትር ጠላ ለመጠጣት ከሚፈጀው ጊዜ ባነሰ ሦስት መለኪያ ሊጠጣ ይችላል።

ከቅምሻው ጀርባ ያለው ኑሮ

ሁለቱም ቤቶች የሴቶች ቤት ናቸው፤ በአገራችንም ጠላ መጥመቅና አረቄ ማውጣት በአብዛኛው በሴቶች እጅ ያለ ሥራ ነው። ለብዙዎቹ የቤት ኪራይ፣ የልጆች ደብተርና ልብስ የሚገኘው ከዚሁ ነው። አተላው እንኳ አይጣልም፤ ለከብት መኖ ይሸጣል ወይም በቤት ይቀልባል።

ትልቁ ወጪና ትልቁ ጉዳት ግን እንጨቱ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ውሃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ 2,260 ኪሎ ጁል ገደማ፣ አንድ ኪሎ ኤታኖል ለመለወጥ ደግሞ 840 ኪሎ ጁል ገደማ ይፈልጋል። ከአልኮሉ ጋር ሳያስፈልግ የሚተነው ውሃ ነው እሳቱን የሚበላው። በተለይ በሌላዋ የአረቄ ከተማ በአርሲ ነገሌ የማገዶው ፍጆታ በአካባቢው ደን ላይ የሚያሳድረው ጫና የብዙ ጥናቶች ርዕስ ሆኖ ቆይቷል። ከደኑም በፊት ደግሞ የሴትየዋ ዓይንና ሳንባ አለ፤ ቀኑን ሙሉ ከጭሱ ጋር ናቸውና።

እዚህ ላይ የእኛ ሙያ ሊያግዝ የሚችልባቸው ቀላል ነገሮች አሉ። እሳቱን ከቦ የሚይዝ የተሻሻለ ምድጃ ማገዶና ጭስ ይቀንሳል። በክዳኑ ላይ የሚገባ አንድ ቴርሞሜትር እሳት መቼ መቀነስ እንዳለበት ያሳያል። የአልኮል መለኪያ ሃይድሮሜትር የየዙሩን ጥንካሬ ይነግራል፤ ሆኖም የሚሠራው ለጠራው አረቄ እንጂ ለጠላ አይደለም። በጠላ ውስጥ የቀረው ስኳርና ዝቃጭ ንባቡን ያዛባዋልና ጠላ መጀመሪያ በቤተ ሙከራ ዲስቲል ተደርጎ መለካት አለበት።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ከላይ እንዳየነው የጠማቂዋና የአረቄ አውጪዋ እውቀት በእጅ፣ በአፍንጫና በምላስ የተያዘ እውቀት ነው። ጋን ማጠን፣ አፉን ማሸግ፣ እሳት መቀነስ፣ ጭራውን መለየት ሁሉም በሳይንስ የሚደገፉ ናቸው። ነገር ግን ምላስ የማይደርስበት ነገር አለ፤ ሜታኖልና እርሳስ በቅምሻ አይታወቁም። እዚያ ቦታ ላይ ቤተ ሙከራችን መግባት አለበት።

የትምህርት ክፍላችን በየሴሚስተሩ ከፈቃደኛ ቤቶች ናሙና ወስዶ የአልኮል መጠንና ሜታኖል ቢለካ፣ ውጤቱንም ለባለቤቶቹ በቃል ቢያስረዳ፣ ለተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ለባለቤቷ ደግሞ ለደንበኛዋ የምትናገረው ማስረጃ ይሆናል። ውጤቱ ለባለቤቷ ሳይነገር ለሌላ አካል እንዳይተላለፍ አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ በሩን የሚከፍትልን አይኖርም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በምትኖሩበት ከተማ ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል? ይህ በአረቄ አወጣጥ ላይ ምን ለውጥ ያመጣል?
2. ጋኑ በፕላስቲክ በርሜል ቢተካ ከእርሾውና ከጣዕሙ ምን እናጣለን? ምንስ እናገኛለን?
3. አንድ ጎረቤታችሁ አረቄ ጠጥቶ በማግሥቱ ዓይኔ ፈዘዘ ቢላችሁ በቅድሚያ ምን ታደርጋላችሁ?